ስልሳ ሦስት የክርስትና ስም

ከደባት ተነሥቶ ግማሽ ቀን ሽቅብ የወጣ ሰው አስታ ሜዳ ይደርሳል። ገብስና ባቄላ ካልሆነ በቀር እህል የማይሆንበት፣ በሐምሌ ጉሙ ከደጃፍ አልነሣ የሚል ብርዳም አገር ነው። ቄስ ሐብተ ማርያም በዚያ አገር ደብር፣ በሚካኤል፣ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። እውነቱን ለመናገር ድምፃቸው ለዜማ አይመችም፤ ማሕሌት ሲቆሙ ደብተራዎቹ በክርን ይጎሻሸማሉ። አንድ ነገር ግን ማንም አይክዳቸውም፤ ያጠመቁትን ልጅ ስም አይረሱም። ጢም ያበቀለ ጎረምሳ በገበያ መንገድ ሲያገኛቸው ልባቸው «ገብረ ሥላሴ» ይላል፤ አፋቸው ግን ሰፈር የሚያውቀውን ስም ይጠራል። የክርስትና ስም በዚያ አገር በአደባባይ አይጠራም። ልጁ ራሱ ያውቀዋል፣ እናት ታውቀዋለች፣ የክርስትና አባት ያውቀዋል፣ ቄሱ ያውቁታል፤ ከዚያ ካለፈ ጠንቋይ ጆሮ ይገባል ተብሎ ይፈራል። ለመተት ከልጁ የክርስትና ስምና ከእናቱ ስም ሌላ ምን ያሻል?

ቄስ ሐብተ ማርያም ዋኘው የሚባል ልጅ ነበራቸው። ፊደል ለይቶ ንባብ የጨረሰው ገና በሰባት ዓመቱ ነው። ለአስታ ሜዳ ልጅ ውሎ የሚገባበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስላልነበረ በአሥራ አንድ ዓመቱ ጎንደር ወረደ። አራዳ ውስጥ ሐቢብ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በጓሮው ባለች አንዲት ክፍል ከሁለት የደጋ ልጆች ጋር አስጠጋው። በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ተስቦ ገባና ዋኘው ታመመ። ሐቢብ ሐኪም ጠራ፤ አልሆነም፤ ልጁ ሞተ። ሐቢብ እስላም ነው፤ የክርስቲያንን ሥርዓት የሚያውቀውን ያህል አሰናዳ፤ ከሱቁ ነጭ አቡጀዲ ቀዶ ለከፈን ሰጠ፤ ካህናት አስጠራ።

ካህኑ መጥቶ «የክርስትና ስሙ ማነው?» አለ። ሐቢብ አያውቅም፣ ሚስቱ ዙህራ አታውቅም፣ ሁለቱ ልጆች ተያዩ። «ዋኘው ነው የምንለው» አሉ። ካህኑ ምን ያድርግ፤ ጸሎቱን ሲያደርስ «ገብርከ»፣ አገልጋይህ ብቻ ብሎ ስሙን ዘለለው።

አባትየው የደረሱት በአራተኛው ቀን ነው። ያን አገልግሎት ሁሉ አገልግለው፣ የሰውን ልጅ ሁሉ በስሙ ሲሸኙ ኖረው፣ የራሳቸው ልጅ ያለ ስም ተሸኘ። ትኩሱ አፈር ላይ ተደፍተው «ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ» ሲሉ ሐቢብ ከኋላቸው ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ቄስ ሐብተ ማርያም ሰው የሚስቅበት ቦታ ብዙ አይቀመጡም ነበር።

ይህ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ አላምረው ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ልወዳደር ብሎ መጣ። አላምረው እንግዳ ሰው አይደለም። ከቄስ ሐብተ ማርያም ጋር በአንድ የኔታ እግር ሥር ቅኔ የተማረ፣ ከአንድ አኩፋዳ ፍርፋሪ የበላ ነው። በዕድሜ ስለሚያንሳቸው «አያ ሐብቴ» ነበር የሚላቸው። ኋላ ቅኔውን ትቶ ጎንደር ገባ፤ ጸሐፊ ሆነ፤ ሱፍ ለበሰ። አሁን በበቅሎ ተቀምጦ፣ የቆዳ ቦርሳ አንግቶ ሲመጣ የአገሩ ልጆች የመጀመሪያውን ቀን ሸሽተውታል።

ንግግሩ ግን የሚሸሹት አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ቆሞ እንዲህ አለ።

«እናንተ ከመሬቱ ግብር ጋር የትምህርት ግብር ትከፍላላችሁ። በከፈላችሁት የሚማረው ማነው? የከተማ ልጅ ነው። የናንተ ልጅ እንዲማር ከተፈለገ ከናቱ ጉያ ወጥቶ፣ በሰው ደጅ ተጠግቶ፣ ጥሬ ቆርጥሞ ነው። እኔ የምለው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አይሂድ፤ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ ይምጣ። ሲመጣም ለወንድ ብቻ አይደለም። ዛሬ በዘጠኝ ዓመቷ የምትድሯት ልጅ ነገ ልጇን የምታስተምረው ምን ተምራ ነው? በብርድ ፊደል የሚያስቆጥረው የኔታም ደሞዝ ተቆርጦለት ከአስተማሪው ጎን ይቀመጥ። ብትመርጡኝ ይህን ይዤ እቆማለሁ።»

ለምርጫ ተብሎ ከሚወራው ሁሉ ይህን ያህል እውነት ማግኘት ብርቅ ነው። ደግሞም አላምረው ያን ቀን አልዋሸም፤ ያለውን ያምንበት ነበር። ቄስ ሐብተ ማርያም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰዉ ሲበተን አላምረው ጠጋ ብሎ፣ «አያ ሐብቴ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚፈልገው ቍጥር ነው። ከስልሳ የማያንስ ልጅ ከነስሙ ጽፈው ይስጡኝ። የቀረውን ለኔ ይተዉት» አላቸው። ተመረጠም።

ለቄስ ሐብተ ማርያም ነገሩ ከምርጫ በላይ ነበር። ከዋኘው በኋላ የቀረቻቸው አምሳል ብቻ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከወዲያኛው ደብር አያ ክንዱ የሚባሉ ባለብዙ ከብት ለልጃቸው ጠይቀዋታል፤ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ሚስታቸው እንኳየሁ ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ተናግራለች።

«ጎንደር አልሰድም። አንዱን ሰድጄ ሬሳውን አላየሁም። ትምህርት ቤቱ እዚህ ከመጣ ትማር፤ ደስታዬ ነው። እስከ መስከረም ካልመጣ ግን ለአያ ክንዱ እሺ እላለሁ። ምነው አንቱ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ልሁንልዎ?»

ቄሱ ያላቸው ተስፋ ያ ዝርዝር ብቻ ነው።

በጥር ቤት ለቤት ዞሩ። በየቤቱ ጠላ ቀረበላቸው፤ ስም የሚሰጣቸው ግን ታጣ። አንዱ «ልጅ ተቆጥሮ አይበጅም» አለ። ሌላው «መንግሥት የጻፈውን አይረሳም፤ ዛሬ ልጁን የቆጠረ ነገ በሬውን ይቆጥራል» አለ። አትጠገብ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ሴትዮዋ ልጇን ከኋላዋ ደበቀችው። ሦስት ልጅ ቀብራ ያተረፈችው አራተኛውን ነው። ባሏ ትቷት ሌላ አግብቶ እዚያው ደብር ይኖራል፤ ሦስቱን የበላብኝ የጣውንቴ መተት ነው ብላ ታምናለች።

«አባ» አለች፣ «ለትምህርት ቤቱ ድንጋይ ተሸከሚ ይበሉኝ፣ እሸከማለሁ። የልጄን ስም ግን ለወረቀት አልሰጥም።»

ሁዳዴ ገባ። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጧት ጧት ቄሱ ሥራ አልነበራቸውም። ከደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ማሰብ ጀመሩ፤ ያ ሐሳብ የመጣባቸውም ያኔ ነው። ሰዉ የከለከለኝ ልጆቹ የሚጠሩበትን ስም ነው፤ እሱን አልጽፍም። እኔ ግን ሌላውን ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ ያጠመቅኋቸው እኔ ነኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ስልሳውንም እጽፋለሁ። አላምረው ራሱ የሚፈለገው ቍጥር ነው ብሏል፤ ወረቀቱ ጎንደር ሄዶ ከወረቀት መሐል ይቀመጣል፤ ማን ያነበዋል?

ከዚህ ሐሳብ ሥር ሌላ ነበረ፤ ለእንኳየሁም አልነገሯት። መንግሥት መዝገብ ላይ በክርስትና ስሙ የተጻፈ ልጅ፣ የትም ቢሄድ፣ ክፉ ነገር ቢያገኘው፣ ያለ ስም አይቀበርም። ይህን ሲያስቡ ደረታቸው ቀለል ይላቸው ነበር። ሰውን ያሳሳተ ሐሳብ ሁሉ ክፉ ነው የሚል ካለ እኚህን ቄስ አያውቅም።

ብርዕ ቀርጸው፣ ቀለም በጥብጠው ሦስት ጧት ጻፉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ልጃቸውን አምሳልን አሰፈሩ። ወለተ ማርያም የሚባሉት ብቻ ዘጠኝ ሆኑባቸውና እንዳይምታታ በየስሙ አጠገብ የእናትየዋን ስም ጨመሩ። ልጆቹን ለጥምቀት አቅፈው ያመጧቸው እናቶቹ ናቸው፤ የሚያስታውሷቸውም በእነሱ ነው። ስልሳ ሦስት ሞላ። እጃቸው ስልሳ አራተኛውን ሊጽፍ ሄዶ «ኃይለ» ከማለቱ በፊት ያዙት።

አላምረው በትንሣኤ ሰሞን በዚያ ሲያልፍ ወረቀቱን ተቀበለ። ሳይከፍተው ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ትከሻቸውን መታ።

በግንቦት ሚካኤል ከእሱ ጋር ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ባለባርኔጣ ሹም መጣ። ክብረ በዓል ስለሆነ አገር ሞልቷል፤ እናቶች ከነልጆቻቸው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አላምረው ያንኑ የጥዱን ሥር ይዞ ተናገረ፤ አሁን አዲስ አበባን ስላየ ንግግሩ ረዝሟል። ቀጥሎ ወደ ሹሙ ዞሮ፣ «ይህ ሕዝብ ትምህርት ጠምቶታል። ማስረጃው ይኸው» አለና ቦርሳውን ከፈተ።

ቄስ ሐብተ ማርያም ወረቀቱን ሲያዩ የእጅ ጽሕፈታቸውን አወቁት።

«ስሙ የተጠራ ልጅ ብድግ ይበል» አለ አላምረው። «ወለተ ሚካኤል፣ እናት እንኳየሁ።»

አምሳል ብድግ አለች። አባቷ ተማሪ ሲጠራ መነሣት እንዳለበት አስተምረዋት ነበር፤ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

«ወለተ ማርያም፣ እናት ጥሩዬ።» አንዲት ልጅ ልትነሣ ስትል እናቷ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። «ገብረ ሕይወት፣ እናት ደብሪቱ። ተክለ ሃይማኖት፣ እናት ዘነበች።» ደብሪቱ የልጇን ጆሮ በሁለት መዳፏ ያዘች። ቄሱ ወደፊት ተራመዱ።

«አላምረው፣ ቍጥሩን ተናገርና ይብቃ» አሉ።

አላምረው ገብቶታል። የኔታ ዘንድ ያደገ ሰው ስለሆነ የያዘው ምን እንደሆነ ከሁለተኛው መስመር ላይ ሳያውቅ አልቀረም። ሹሙ ግን እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል። እንደራሴ በአገሩ ሰው ፊት ንባቡን አቋርጦ «ተሳስቻለሁ» ማለት ከበደው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ።

«ወልደ ገብርኤል፣ እናት አትጠገብ።»

አትጠገብ ቀና ብላ መጀመሪያ ያየችው ጣውንቷን ነው። ጣውንቷ ከእሷ አሥር እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች፤ ሰምታለች። አትጠገብ ልጇን አንሥታ በነጠላዋ ጠቀለለችው። በቄሱ አጠገብ ስታልፍ ቆመች፤ ድምፅዋን አላነሣችም።

«አባ፣ ይህን ስም የሰጠሁት ለርስዎ ነበር። አሁን ይመልሱልኝ።»

ሌሎቹም ተከተሏት። አላምረው ስልሳ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሣሩ ላይ የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎች፣ ነገሩን ለማየት የቆዩ አንዳንድ ሴቶችና፣ እጇን አጣምራ የቆመችው አምሳል ናቸው።

ሹሙ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። «ይህ የቅዱሳን ስም ነው እንጂ የሰፈር ልጅ ስም አይደለም፤ የተነሣችውም አንዲት ልጅ ብቻ ናት» አለ። «አባ፣ እነዚህ ልጆች በእርግጥ አሉ? ወይስ ከራስዎ ፈጥረው ነው የጻፉት?»

ቄስ ሐብተ ማርያም ዙሪያቸውን ተመለከቱ። የአትጠገብ ጣውንት አልሄደችም፤ አንገቷን አስግጋ ታዳምጣለች። ሽማግሌዎቹም ያዳምጣሉ። «አሉ፤ የክርስትና ስማቸው ነው» ቢሉ ሹሙ ይረካል፣ ትምህርት ቤቱም ምናልባት ይመጣል፤ አምሳል ትማራለች። ግን ያ ሁሉ ስም እውነተኛ ስም መሆኑን የደብሩ ቄስ በአፋቸው አጸደቁት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የትኛዋ እናት እንቅልፍ ይወስዳታል? አላምረውን አዩት። እሱ ቢናገር፣ ሹሙን ወደ ጎን ወስዶ አንድ ቃል ሹክ ቢለው ይበቃ ነበር። አላምረው ጫማውን ያያል።

«ከራሴ ነው የጻፍኩት» አሉ ቄሱ። «ፈጥሬ ነው።»

ለሃያ ሁለት ዓመት መስቀል ይዘው እንደዚያ ያለ ውሸት ዋሽተው አያውቁም። ሹሙ በወረቀቱ ግርጌ አንድ ነገር ጻፈ። አላምረው ሳይሰናበታቸው በበቅሎው ተቀመጠ።

ውሸቱ እናቶቹን ጠቀመ አልጠቀመ ማንም አያውቅም። ስሞቹ እውነተኛ እንደሆኑ እነሱ ያውቃሉ፤ ይህ ይበቃቸዋል። በሰኔ ደብሪቱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ አርባ ቀን ሲሞላው ሕፃኑን አዝላ፣ በዚያ ዝናብ፣ ወንዝ ተሻግራ በሌላ ደብር አስጠመቀችው። ቄስ ሐብተ ማርያም ከደጃፋቸው ሆነው ስታልፍ አዩዋት። ቀና ብላ አላየቻቸውም። ልጁ ማን ተብሎ እንደተጠመቀ አያውቁም፤ በደብራቸው የማያውቁት የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው። የነፍስ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ሌላ የንስሐ አባት ያዙ። አትጠገብ ያንን ልጇን ይዛ ወደ ወንድሞቿ አገር ሄደች፤ ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር ወሬውን የሚያመጣ አልተገኘም።

ትምህርት ቤቱ አልመጣም። ያ ብቻ ቢሆን ደህና፤ በነሐሴ መጨረሻ የአያ ክንዱ ሽማግሌ ለሦስተኛ ጊዜ መጣና ቁጭ ሳይል ተናገረ።

«ነገሩ ይቅርብን ብለዋል። ስሟ በአደባባይ የተጠራች ልጅ ቤታችን ብትገባ ክፉውን ይዛ ትገባለች ነው የሚሉት።»

ሽማግሌው ከሄደ በኋላ እንኳየሁ የቀሚሷን ጠርዝ ስታፍተለትል ቆየች። በዚያ ደጋ አምሳልን የሚጠይቅ ቤት ከእንግዲህ እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። መስከረም ሲጠባ የልጅቱን ስልቻ በጥሬ የሞላችው እንኳየሁ ራሷ ናት።

«ይውሰዷት» አለች። «ካልቀረልኝ ይውሰዷት። አንድ ነገር ብቻ አደራ። እንደዚያኛው እንዳይሆን ስሟን ለዙህራ ይንገሯት።»

አባትና ልጅ ቁልቁል ወረዱ። ከደባት ማኪና አገኙ፤ አምሳል ማኪና ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ግን አልተደሰተችም። ከአባቷ ጋር ሸራው ሥር ተሸጉጣ ብዙ ቆየችና ጠየቀች።

«አባባ፣ ያን ቀን ስጠራ ባልነሣ ኖሮ ይሻል ነበር?»

«የለም ልጄ» አሉ ቄሱ። «ስሙ የተጠራ ሰው ይነሣል። አንቺ አላጠፋሽም።»

አራዳ ሐቢብ ሱቅ ሲደርሱ ሐቢብ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ አምሳልን ከጣቃ ጨርቁ ላይ አስቀመጣት። በመደብሩ ላይ ለመጠቅለያ የመጣ ጋዜጣ ተዘርግቶ ነበር፤ የአላምረው ፎቶግራፍ አለበት። ቄሱ ዓይናቸው ተተክሎ ሲቀር ሐቢብ አየ።

«እስቲ ያንብቡልኝ አባ፤ ዓይኔ ደክሟል። የአገርዎ እንደራሴ አይደለም?»

አነበቡለት። የተከበሩ እንደራሴ የልጆች ትምህርት ስለሚሻሻልበት መንገድ ሐሳባቸውን ሰጥተዋል። ሕዝቡ ገና አልነቃም ይላሉ። በአንድ የደጋ አጥቢያ ቄሱ የፈጠራ ስም ጽፈው በማቅረባቸው፣ ከስልሳ ሦስት ልጆች መካከል ተጠርታ የተገኘችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ስለዚህ ትምህርት ቤት ፈላጊ ባለበት፣ በመንገድ ዳርና በከተማ እንዲሠራ፣ ለመማር የሚሻ ልጅም ወደዚያው እንዲሄድ ያሳስባሉ። ቄሱ ድምፃቸው ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ደረሱ።

ሐቢብ ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን» አለ። «ያቺ አንዲቷ ልጅስ ምን ሆነች ይላል?»

«እሱን አልጻፉም» አሉ ቄሱ። ወደ ጣቃ ጨርቁ ዞሩ። «ያቻት።»

ሐቢብ ልጅቱን አየ፤ ቄሱን አየ፤ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ወደ ጓሮው ዙህራን ተጣራ። ዙህራ እጇን እየጠረገች መጣች። መልእክታቸው ከደረሳት ወዲህ ያችኑ የጓሮ ክፍል ጠርጋ፣ አልጋውን ቀይራ እንዳዘጋጀች ነገረቻቸው። ቄስ ሐብተ ማርያም አመሰገኑ። መሄጃቸው ሲደርስ ዙህራን ከሱቁ ጥግ ጠሯት። ግራ ቀኝ አይተው፣ ወደ ጆሮዋ ዝቅ አሉ።

«ዙህራ ልጄ፣ አንድ ነገር ቢደርስ፣ ካህን ሲመጣ ስሟን ይጠይቅሻል። አምሳል እንዳትዪው። ወለተ ሚካኤል ነው የምትዪው።»

«ወለተ ሚካኤል» አለች ዙህራ፣ በሹክሹክታ። እንዳይጠፋባት ደግማ አለችው።